ምንጣፉ ለረከቦቱ ቦታ ይልቀቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ስለ ሳሎን ምንጣፍ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ ምንጣፍ ሰፋ ሲል ሳሎኑም ሰፋ ብሎ እንደሚታይ ገልጸው፣ የሶፋው እግሮች በሙሉ ምንጣፉ ላይ እንዲያርፉና በዙሪያው ከግድግዳ ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ባዶ እንዲቀር መክረዋል። ምክራቸው ሳሎኑ ሰፊ ለሆነ፣ ቡናውም ወጥ ቤት ተፈልቶ በትሪ ለሚቀርብበት ቤት ነቀፋ የለበትም። እኔ ግን ደሴ ላይ ምንጣፍ በመሸጥ የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ፣ ይህን ያነበቡ ደንበኞቼ ወለላቸውን ከዳር እስከ ዳር ከሸፈኑት በኋላ ማንደጃውን የት ሊያሳርፉት ነው የሚለው ጥያቄ አላስቀመጠኝም። ትልቁ ምንጣፍ ሲሸጥ የሚያተርፈው ሻጩ መሆኑን አንባቢ ልብ ቢልልኝ ደስ ይለኛል።

በወሎ ሳሎን የእንግዳ መቀበያ ብቻ አይደለም። ቡናው የሚቆላውም፣ የሚፈላውም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት ተጠርቶ የሚጠጣውም፣ ዱዓውና ምርቃቱ የሚደረገውም እዚያው ነው። ይህም በዓመት በዓል ብቻ ሳይሆን በአዘቦት ቀን፣ በብዙ ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ይደረጋል። ስለዚህ ምንጣፍ ሊገዛ የተነሣ ሰው ቀለሙንና አበባውን ከመምረጡ በፊት፣ ረከቦቱና ማንደጃው የት እንደሚቀመጡ፣ ቡና የምታፈላዋ በርጩማዋን የት እንደምታደርግ፣ ጀበናውም ከእሳቱ ሲነሣ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ያ ቦታ ሊሾ ወይም ሴራሚክ እንደሆነ ይቅር፤ ምንጣፉ ከእርሱ ወዲያ ይጀምር።

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በገበያችን በብዛት የሚገኘው በማሽን የተሠራ ምንጣፍ አብዛኛው ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊስተር ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተሸመነ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ዋጋው ይቀላል፣ ውኃ አይመጥም፣ የፈሰሰበትም ነገር ቶሎ ይጠረግለታል፤ እሳት ግን ጠላቱ ነው። በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ መቅለጥ ስለሚጀምር፣ ከሰሉ ሲራገብ ተፈናጥራ የወደቀች አንዲት ፍም ክሩን አቅልጣ ዙሪያው እንደ ጠጠር የደረቀ ጥቁር ቀዳዳ ትታ ትሄዳለች። ያንን ቀዳዳ መጠገን አይቻልም፤ ሰው የሚያደርገው ጠረጴዛ አምጥቶ መሸፈን ነው። የበግ ጠጉር ምንጣፍ በአንጻሩ አይቀልጥም፤ ፍሟ ቶሎ ከተነሣች የከሰለው የጠጉሩ ጫፍ ብቻ ነው፣ እርሱም በብሩሽ ሲጠረግ አብዛኛው ይለቃል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከዳሩ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል፤ የበግ ጠጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጓል ይሆናል። ይህ ግን ባለሱቁን አስፈቅዶ የሚደረግ ነገር ነው።

ወደ ልኩ ስመለስ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን ሳሎን በምሳሌነት ላቅርብ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ነው እንበል፤ ማዕዘን የያዘው ሶፋ በሁለቱ ግድግዳዎች በኩል 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። የሚቀረው ወለል 3.10 በ2.60 ሜትር ነው። እዚህ ላይ 2 በ3 የሆነውን ምንጣፍ የሶፋው የፊት እግሮች ብቻ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲረግጡት አድርገን ብናነጥፈው፣ በወዲያኛው ረዥም ግድግዳ በኩል የሚተርፈው 85 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ቡፌ ወይም የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ካለ እርሱም ያልቃል። በዚያው አነጣጠፍ 1.60 በ2.30 የሆነውን ብንመርጥ ግን 1 ሜትር ከ25 ይተርፋል፤ ማንደጃውም፣ ረከቦቱም፣ ሰው የሚያልፍበትም መንገድ በቂ ቦታ ያገኛሉ። ሁሉም እግሮች ምንጣፍ ላይ ይረፉ የሚለው ምክር እንዲህ ባለው ሳሎን አይሠራም፤ የፊተኞቹ መርገጣቸው ይበቃል። አንድም እግር ካልረገጠው ግን ምንጣፉ ከዕቃው ተነጥሎ መሐል ላይ ይቀርና፣ ጸሐፊዋ በትክክል እንዳሉት፣ ሳሎኑን ያጠበዋል።

ልኩን በዓይን ገምቶ ወደ ሱቅ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተዘርግቶ ትንሽ የመሰለው ምንጣፍም ቤት ሲገባ በሩን አላስከፍት ይላል። ከመግዛት በፊት ያረጁ ጋዜጦችን (የእናንተንም ቢሆን፣ ከተነበበ በኋላ) በታሰበው ልክ ወለሉ ላይ ደርድሮ አንድ ሁለት ቀን እየተራመዱ ማየት ይበጃል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከወለሉ ያለው ክፍተት የምንጣፉን ውፍረት ማሳለፉ እዚያው ይታያል። የምግብ ጠረጴዛ ካለ ምንጣፉ ከጠረጴዛው ዳር በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፤ አለዚያ ወንበሩ ሲሳብ እግሩ ከጠርዙ ላይ ይሰናከላል። ስለ መኝታ ቤት ብዙ የምለው የለኝም፤ ከአልጋው ሲወርዱ እግር የሚያርፍበት ትንሽ ምንጣፍ ይበቃል።

በቤት ውስጥ የሚሰግዱ ቤተሰቦች ደግሞ የሥዕሉን አቅጣጫ ማሰብ አለባቸው። ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ቂብላ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል። ቀጥ ያለ መሥመር ያለበት ምንጣፍ መሥመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ሆኖ ከተነጠፈ፣ እንግዳ በዝቶ በጀመዓ ሲሰገድ ሰፉን (የሰጋጆቹን ረድፍ) ለማቅናት ያግዛል። የሰውና የእንስሳት ሥዕል ያለበትንም እንዲህ ላለ ቤት አልመክርም።

የአየሩም ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ቁልቁል ወርዳ 1850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። የጦሳ ተራራ ጉም በሚወርድበት ሠፈር ወፍራም የበግ ጠጉር እግርን ያሞቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ሙቀቱና አቧራው ስለሚበረታ ጠጉሩ አጭር የሆነ ስስ ምንጣፍ፣ ካልሆነም ሰሌን ይሻላል። ደሴ ላይ ያለው ችግር የክረምቱ እርጥበት ነው። መሬት ላይ ባረፈ ቤት ሊሾው ውኃ ያዘለ ስለሚሆን፣ ጀርባው ጎማ የተቀባ ምንጣፍ እርጥበቱን አፍኖ ያሻግታል፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ገልብጦ ማናፈስ ያስፈልጋል። ለበዓል ቄጤማ የሚጎዘጎዘውም ምንጣፍ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ፤ እርጥቡ ሣር ሲረገጥ አረንጓዴ ቀለሙን ይለቃል፣ ነጣ ካለ ምንጣፍ ላይም በቀላሉ አይወጣም። ምንጣፍ የሚታጠብበት ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ክረምት ላይ የታጠበ ሳይደርቅ ይሸታል። ከበግ ጠጉር የተሠራውን ብል የሚጀምረው ሰው ከማይረግጠው ከሶፋ ሥር ስለሆነ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ያ ጠርዝ በደንብ ይራገፍ። በዚያው አጋጣሚ ምንጣፉን አዙሮ ማንጠፍ መስኮት አጠገብ ያለው ወገን ብቻውን እንዳይደበዝዝ ያደርጋል።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዓምዱ የታዩት ምንጣፎች በሙሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። በደጋው ወሎ ግን በግ ተሸልቶ፣ ጠጉሩ ተፈትሎ፣ ባና እና ዝተት የሚባል የመኝታ ልብስ ሆኖ ሲሸመን ኖሯል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ የበጉ የራሱ ቀለም በመሆኑም ሲታጠብ አይለቅም። ባህላዊው የሽመና ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ቁራጭ ተጋጥሞ ይሰፋል፤ ይህ ለመኝታ ልብስ ጉዳት ባይኖረውም፣ ለወለል ሲሆን ስፌቱ በእግር ብዛት ቶሎ ይለቃል። ዝግጅት ክፍሉ ከሸማኔዎቹ ጋር ተገናኝቶ፣ ስፌቱን አጠንክረው 1.60 በ2.30 የሆነ የወለል ምንጣፍ በምን ያህል ዋጋና በስንት ጊዜ ሠርተው ሊያቀርቡ እንደሚችሉ ጠይቆ ቢያወጣልን፣ እኔም መደርደሪያዬ ላይ ቦታ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከደሴ