ያን ኮንትሮለር አትሽጠው

ሰላም ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለማላውቀው ልጅ ነው። ባውቀው ቤቱ ሄጄ እነግረው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ ዕቃ በሚሸጥበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የዲጄ ኮንትሮለር፣ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ አንዱን ዘፈን ከሌላው የሚያገናኙበትን ማሽን፣ ለሽያጭ አወጣ። ዕቃው ንጹሕ ነው፣ ገመዱም አለ፣ ካርቶኑም አልተጣለም። ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ጽፏል፦ «ቤት ውስጥ ለግድግዳ ማጫወት ሰለቸኝ።» ይቺ መስመር ካነበብኳት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ማስታወቂያውም በማግስቱ ጠፋ። ጋዜጣችሁ እዚህ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር፣ ምናልባት አንዱ ጋ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ብዬ ነው።

ወንድሜ፣ እኔም ለግድግዳ ነው የማጫውተው። ቀን ኮምቦልቻ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ደሴ ቤቴ ገብቼ ኮንትሮለሬን እከፍታለሁ። በ2011 ነው ያገለገለ የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ያጫወትኩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ሁለት የዘመድ ሰርግ፣ አንድ ምርቃት፣ አንድ መጠጥ ቤት ደግሞ ሦስት ቅዳሜ አጫውቼ ሳይከፈለኝ ቀረ። ሌላው ሁሉ በተዘጋ በር ውስጥ ነው።

እኔም ልሸጠው ነበር። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤት ዘግተን ወጣን። ታኅሣሥ ስንመለስ ኮንትሮለሩን አልጋ ሥር፣ በጋቢ እንደጠቀለልኩት አገኘሁት። ሰው ስንት ነገር አጥቶ የኔ መጫወቻ መትረፉ ከበደኝ። ጎረቤት ሐዘን ላይ ነው፣ ምን ሆኜ ነው ዘፈን የምከፍተው? ለወራት አልነካሁትም።

መልሳ ያስጀመረችኝ እናቴ ናት። አንድ እሑድ ቡና እያፈላች «ያን ነገርህን ምነው አትከፍተውም? ቤቱ ጭር አለብኝ» አለችኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሷ የምትወዳቸውን የድሮ ዘፈኖች ማገናኘት ጀመርኩ። አቦሉ አለፈ፣ ቶናው ተቀዳ። በመሃል ስኒውን ይዛ ቀና አለችና «ቆይ፣ ያኛው ዘፈን መቼ አልቆ ነው ይሄኛው የገባው?» አለች። እናቴ ዲጄ ምን እንደሚሠራ አታውቅም። እኔ ግን ለዚያች ጥያቄ ስንት ዓመት ስለፋ እንደነበር የዚያን ዕለት ነው የገባኝ።

ስለዚህ «ለግድግዳ» የሚለው ቃል ላይ አልስማማም። ሰርግ ላይ ያጫወተ ሰው ያውቀዋል፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ምንም ብትለቅ ይጨፈራል። ሁለቱ ዘፈን ተጋጭቶ ከበሮው ሲንኳኳ እልልታው ይውጠዋል። ሰው አንተን አይደለም የሚሰማው፣ ደስታውን ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ቤት ግን የሚሸፍንልህ የለም። አንዷ ምት በስንጥር ቀድማ ስትገባ ማዳመጫው ውስጥ ቁልጭ ብላ ትሰማሃለች። ጆሮህ የሚሳለው እዚያ ነው።

መሰልቸቱን ግን አውቀዋለሁ፣ አልክድም። የኔ መሰልቸት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። ላፕቶፔ ላይ ከ4 ሺህ በላይ ዘፈን ነበር። ማታ እከፍታለሁ፣ አንዱን ሃያ ሰከንድ እሰማለሁ፣ ወደ ሌላው እዘላለሁ፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ምንም ሳልሠራ እዘጋለሁ። እንዲህ አድርጎ የማይሰለች ሰው የለም። ሰሚ ስላጣሁ አልነበረም። ዛሬ ምን ልሠራ ነው የሚለውን ሳላውቅ ነበር የምቀመጠው። አሁን ለአንድ ወር ሃያ ዘፈን ብቻ እለያለሁ። ሌላውን አልነካም። ለአንድ ማታ አንድ ጉዳይ ብቻ እይዛለሁ፣ እሱን ሳልፈታ ወደ ሌላ አልሄድም።

ምን ዓይነት ጉዳይ ብትለኝ፣ የኛ አገር ዘፈን ራሱ ዕድሜ ልክ የማያልቅ የቤት ሥራ ነው። ችክችካን ውሰድ። በ6/8፣ ስድስት ስድስት እየተቆጠረ ነው የሚሄደው። ላፕቶፑ ላይ ያለው የዲጄ ሶፍትዌር በአብዛኛው የለመደው አራት አራት የሚቆጠረውን የውጭ ዘፈን ስለሆነ የኛን ሲሰጡት ይወዛገባል። በደቂቃ 120 የሚመታውን አንዴ 180፣ አንዴ 90 ብሎ ያነብልሃል። ሲንክ የሚባለውን፣ የሁለቱን ፍጥነት በራሱ የሚያስማማውን ቁልፍ ተጭነህ ብታምነው ሁለቱ ዘፈን እንደተጣላ ባልና ሚስት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሄዳል። የድሮዎቹ ደግሞ ያለ መቁጠሪያ፣ ሰው ከሰው ጋር እየተያየ የተጫወታቸው ስለሆኑ ፍጥነታቸው ራሱ ይለዋወጣል። ዘፋኙ ሲሞቅ ከበሮውም አብሮ ይሞቃል። ይህን በስክሪን አትይዘውም። እኔ ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኜ፣ ጉልበቴን እየመታሁ፣ አንድ ችክችካ ከሌላ ችክችካ ጋር ለሁለት ደቂቃ ሳይለያዩ ማስኬድ ስችል ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ወሎ ያደገ ልጅ እኮ ከንግግር ቀድሞ ጭብጨባ ነው የሚማረው፣ እጃችን ያውቀዋል። ማሽኑን ዝም አሰኝቶ እጅን መስማት ብቻ ነው።

ቅኝቱ፣ ዜማው የተሠራባቸው ድምፆች አደራደር፣ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ኮንትሮለሩ ላይ ያስቀረኝ እሱ ነው። ሶፍትዌሩ አንድ ዘፈን በየትኛው ኪይ፣ ማለትም ከየትኛው ድምፅ ተነስቶ በየትኛው አደራደር እንደሆነ ይነግርሃል፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚስማማም ያሳይሃል። ግን የተሠራው ለሁለቱ የፈረንጅ አደራደሮች፣ ለሜጀርና ለማይነር ነው። ከኛ ቅኝቶች አንዱን፣ አንቺሆዬን ስትሰጠው የሆነ ነገር ገምቶ ይጽፍልሃል፣ ያን አምነህ ስታገናኝ ጆሮ ይቆረቁራል። ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም አምባሰልና ባቲ ነው። አንዱ ከሐይቅ በላይ የምናየው ተራራ፣ አንዱ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምበት ከተማ። የአገራችን ስም ያለበትን ነገር ለማሽን ግምት መተው አልሆነልኝም።

ክራር የሚጫወት አጎት አለኝ። «ጋሼ፣ ከትዝታ ወደ አምባሰል ሳይሰበር እንዴት ነው የሚኬደው?» ብዬ ጠየቅኩት። ክሩን አላጠበቀም፣ አላላላም። እንደተቃኘ ትዝታ ተጫወተ፣ ከዚያ ማረፊያውን፣ ዜማው ተመልሶ የሚያርፍበትን ድምፅ ብቻ ቀየረና አምባሰል ሆነ። ፀጉሬ ቆመ። ቤት መጥቼ በፒያኖ አፕ ቆጠርኩት። ከትዝታ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሶል ጀምረህ ደርድራቸው፣ አምባሰል ነው። አየህ፣ ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ ማረፊያው ነው የተለየው። ይህ ማለት አንዱን የትዝታ ማይነር ዘፈን በትክክለኛው ከፍታ ላይ ካደረግከው አምባሰሉ ከሥሩ ሲገባ አድማጩ ቤት የቀየረ እንኳ አይመስለውም። ይህን ያገኘሁ ማታ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም። አንድም ሰው አልሰማኝም። አንድም ሰው ባለመስማቱ ደግሞ ምንም አልጎደለብኝም።

ከዚያ መቅዳት አለ። ቅዳሜ ማታ ግማሽ ሰዓት እቀዳለሁ፣ ስሕተቱንም ሳልቆርጥ። ሰኞ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን እየተጠማዘዝን እሰማዋለሁ። እያጫወትኩ ጥሩ የመሰለኝ ቦታ እዚያ ላይ ሲበላሽ ይሰማኛል፣ አፍሬ ያለፍኩት ቦታ ደግሞ አንዳንዴ ከሁሉ ያምራል። ማስታወሻ እይዛለሁ፣ የዚያ ሳምንት የቤት ሥራዬ ይሆናል። አንድ ነገር ግን፣ ማዳመጫህን አታጩኸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ይቀንሳል። ጆሮህ ከሄደ መለዋወጫ የለውም።

ሰሚ የሌለበት ወቅት ደግሞ ወሎ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሰርግ የለም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ያው ነው። እኛ ሰፈር አንዱ ግድግዳ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ነው፣ የአንዱ ጾም የሌላውም ዝምታ ነው። በ2017 ሁለቱም የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት ገቡ። ስፒከሬን አልከፈትኩም። በጾሙ ወቅት ዘፈን አዘጋጀሁ፣ ስማቸው የተዛባውን አስተካከልኩ፣ ከካሴት የተገለበጡትን ድምፃቸውን አጸዳሁ፣ የእያንዳንዱን ቅኝት በጆሮዬ ለይቼ ጻፍኩ። እርሻ የሚያውቅ ሰው ለማረሻውም ጊዜ ይሰጣል፣ ሁልጊዜ አይታረስም። መብራት ሲጠፋም ያው ነው፣ በስልክ ሰምቶ ምት መቁጠር ይቻላል።

ቤት ውስጥ ብቻውን የሠራ ሰው ምን ያገኛል ካልከኝ ሁለት ሰው ልንገርህ። ስክራች የሚባለውን፣ ሸክላውን በእጅ ወደፊት ወደኋላ እያደረጉ ድምፅ ማውጣትን የጀመረው ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የተባለ የኒውዮርክ ብሮንክስ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ እየተለማመደ እናቱ ድምፁን ቀንስ ልትለው መጣች። እሷን ለመስማት የሚዞረውን ሸክላ በእጁ ያዘው፣ እጁ ሲንቀሳቀስ ያችን ድምፅ ሰማት። ሰው ፊት ከማውጣቱ በፊት ብቻውን ስንት ጊዜ ለፍቶባታል። እናት የመጣችበት የተዘጋ በር እንግዲህ የኛ ብቻ አይደለም።

ሌላዋ የኛው ናቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ፒያኖና ቫዮሊን የተማሩ ሰው ነበሩ። ሁሉን ትተው እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ የለም፣ ሰሚ የለም። ከዚያ በኋላ ወደ ሙዚቃቸው ተመለሱ፣ በ1960 አካባቢ ሸክላ አስቀረጹ፣ የመጨረሻዎቹን ዐሥርት ዓመታት ደግሞ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ፣ በትንሽ ክፍላቸው ፒያኖ እየተጫወቱ አሳለፉ። በ2015 መጋቢት ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ ዓለም ይሰማቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ አይደለም። ዓለም ባይሰማቸውም ኖሮ ያችን ፒያኖ ይዘጓት ነበር ብዬ ላስብ አልችልም። ራሴን ከእርሳቸው ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፣ ማን ነኝ። ክፍላቸውን ሳስብ ግን የኔ ክፍል ጠባብ መሆኗን እረሳለሁ።

እውነቱንም ልናገር፣ ቤት የማያስተምረው ነገር አለ። ሰውን ማንበብ አያስተምርም። ትከሻው መቼ እንደሚላላ፣ መቼ ደክሞት ለብ ያለ ነገር እንደሚፈልግ፣ የትኛዋ ሴትዮ ተነስታ ካልጨፈረች ሌላው እንደማይነሳ፣ ይህን የሚያስተምር ሰው ራሱ ነው። ለዚያ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው አያስፈልግም። እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ ቡና ላይ ይበቁኛል። የአንዷ እግር መሬት መምታት ሲጀምር አያለሁ፣ ስታቆምም አያለሁ፣ የትኛው ዘፈን ላይ እንዳቆመችም አስታውሳለሁ። ሩቅ ላለ ጓደኛዬ ደግሞ በወር አንድ ሚክስ፣ አገናኝቼ የቀዳኋቸውን ዘፈኖች እልካለሁ። አንድ ሰው ብቻ። «18ኛው ደቂቃ ላይ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ሲጽፍልኝ አንድ ወር ያሠራኛል። ለሺህ ሰው ለጥፌ ሦስት ልብ ከማገኝ እሱን እመርጣለሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ነገር ልበል። የወጣቶች ገጻችሁ ላይ መድረክ የደረሱትን ነው የምታቀርቡት፣ ጥሩ ነው፣ አንብቤ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቀን በሩን ዘግቶ የሚለማመደውን፣ ክራሩንም፣ ኮንትሮለሩንም፣ ማሲንቆውንም የያዘውን ልጅ ቤቱ ሄዳችሁ አነጋግሩት። በዚህ ከተማ ስንት እንዳሉ እርስ በርስ አንተዋወቅም። ተዋውቀን ቢሆን ይህ ልጅ ያን መስመር አይጽፍም ነበር።

አንተም ወንድሜ፣ ካልሸጥከው አትሽጠው። ከሸጥከውም አብሽር፣ የኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው፣ አብረን እንጠቀምበታለን። በቅኝት የለየኋቸውን ዘፈኖች በፍላሽ እሰጥሃለሁ፣ ባቲው ገና አላለቀም፣ እሱን አንተ ትረዳኛለህ። አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ። ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚፈላው፣ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።

የቤት ዲጄው፣ ከደሴ