ይድረስ ለድሬዳዋ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ የምድር ባቡሩን ግቢ ለቆራሌው አትተዉብን

ክቡር ከንቲባ፣

እንደምን ከረሙ? ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል ብዬ አልጠይቅም። ሁላችንንም እኩል ነው የያዘን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልዎ ከዚራ ሰፈር ስላለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። በተለይ ከጣቢያው ጀርባ ስላለው ወርክሾፕ። ፊት ለፊቱን ሁሉም ያውቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የምናስነሳው እዚያ ነው። ጀርባውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጀርባው ነው።

የምለምነውን መጨረሻ ላይ አላስቀምጥም፤ ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ባለሥልጣን ብርቅ ነው ይባላልና (እርስዎን አይመለከትም)። በግቢው ያሉት ማሽኖች፣ ፉርጎዎችና መዝገቦች ባሉበት ቦታ ይቆጠሩ። በቅርስነት ይመዝገቡ። ማሽኖቹን ማንቀሳቀስ የሚያውቁት ጡረተኞች በሕይወት ሳሉ ይህ ይደረግ። የሕንፃው ቀለም ለጊዜው ይቆይ።

ታሪኩን እርስዎም ያውቁታል። ነገር ግን በየስብሰባው «ድሬ የባቡር ልጅ ናት» ተብሎ ይጀመርና እዚያው ይታለፋል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው እምቢ አለ። ያን ዳገት በሀዲድ መውጣት ገንዘብ ይጨርሳል ተባለና ሐረር ቀረች፤ ባቡሩም ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቆመ። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሰፈሩም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ ብዙም አልቆየም፤ ድሬዳዋ አሸነፈች።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ለኔ ዋናው። ኩባንያው ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣልያን በመስመሩ ላይ ይነታረኩ ጀመር። ሀዲዱ ወደ አዲስ አበባ ጉዞውን ሳይቀጥል ዓመታት አለፉ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው የቀጠለው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ የመቆም ዓመታት ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ነበረች። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደው ዕቃ እዚህ ይራገፋል፤ ቡናውና ቆዳው ከዚህ ይጫናል። ግመልና በቅሎ ቀሪውን መንገድ ይይዛሉ። ባሕር የሌለን ወደብ ነበርን ማለት ነው። ደረቅ ወደብ የሚባለው ነገር በዚህ ዘመን የመጣ ይመስለናል እንጂ ድሬ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነበር።

መስመሩ ሲጠናቀቅ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ድሬ ደግሞ መሐል ላይ ተገኘች፤ ሎኮሞቲቭ የሚታከመው እዚሁ ሆነ። ወርክሾፑ ያደገው ለዚህ ነው። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዛፎቹ፣ የሠራተኛ ቤቶቹ ሁሉ የተከተሉት ያንን ግቢ ነው። መሐንዲሱ ፈረንሳይ፣ ባለሱቁ ግሪክ፣ አርመን፣ ዐረብና ሕንድ፤ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ደግሞ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው። ፈረንሳይኛን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ብረት እየሞረዱ የተማሩ አባቶች ነበሩን።

አሁን ወደ ጀርባው ልውሰድዎ።

ጎረቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ይዘውኝ ገቡ። ዘበኛው ያውቃቸው ኖሮ «ይግቡ ጋሼ» አለ፤ እኔን ግን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ውስጡ ከውጭው ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ግራሶው ይሸታል። ጋሼ የባቡር ጎማ የሚሞረድበት ትልቅ ቶርኖ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። የእጃቸውን መዳፍ ብረቱ ላይ አደረጉና ያስረዱኝ ጀመር። የባቡር ጎማ እንደ መኪና ጎማ ሲያልቅ አውጥተው የሚጥሉት አይደለም። ሀዲዱ ላይ ሲሮጥ ፊቱ ይበላል፤ ከሀዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈሩም ይሳሳል። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች ከነዘንጋቸው ይወጣሉ፤ ቶርኖው ላይ ይታሰራሉ፤ ሁለቱም እኩል ይላጋሉ። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ከተለየ ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ያስቸግራል።

«ይሄን ከመጽሐፍ ነው የተማሩት?» አልኳቸው።

«ከጆሮዬ» አሉኝ። ስለቱ ብረቱን ሲይዝ ድምፁ ይለወጣል። ጥሩ ሠራተኛ መለኪያውን ከማንሳቱ በፊት ከድምፁ ያውቀዋል።

ክቡር ከንቲባ፣ ይኼ የትኛው ሙዚየም ውስጥ ይሰቀላል? ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ መስታወት ውስጥ ቢገባ፣ ሥሩ «አሮጌ ማሽን» የሚል ወረቀት ቢለጠፍበት፣ ለኔ ግማሹ ሞቷል። ማሽኑ የሚገባን ከመሬቱ ጋር፣ ጎማው ከሚገባበት ሀዲድ ጋር፣ ከጎኑ ካለው ማቅለጫ ጋር ነው። መለዋወጫ ከውጭ በማይመጣበት ዘመን ክፍሉን እዚሁ በአሸዋ ቀርፀው፣ ብረት አፍስሰው፣ ሞርደው ይገጥሙት ነበር። በ1969 እና 70 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ሲፈነዱና መስመሩ ሲቋረጥ፣ ያንን መስመር እንደገና ያስነሱት እንደ ጋሼ ያሉ እጆች ናቸው።

አንድ ሰው «ይሄ ሁሉ ለአሮጌ ብረት?» ሊል ይችላል። አቦ፣ ይበል። እኔ የኳስ ወዳጅ ስለሆንኩ በኳስ ልመልስለት።

የእንግሊዟ ሊቨርፑል የወደብ ከተማ ናት። እንደኛው ሀብቷ ሲራገፍና ሲጫን የመጣ ነው። አልበርት ዶክ የሚባለው የመርከብ ማራገፊያዋ እ.ኤ.አ. በ1846 ተከፈተ። መጋዘኖቹ በብረት፣ በጡብና በድንጋይ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ እሳት እንዳይበላቸው እንጨት አልገባባቸውም። መርከቦች እየገዘፉ ሲመጡ ግን ቦታው ጠበበ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ተዘጋ። ጭቃ ሞላው። ይፍረስ የሚል ሐሳብም በተደጋጋሚ ተነሥቶ ነበር። ዛሬ ሙዚየምና ሱቅ ሆኖ ሰው የሚጎርፍበት ቦታ ነው። ከተማዋም በወደብ ቅርሷ እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች።

እዚህ ላይ ቢያቆም ተረት ይሆን ነበር። አላቆመም። በወደቡ ዳር ረጃጅም ፎቅ የሚያቆም ትልቅ ፕሮጀክት መጣ። የከተማዋ የኳስ ክለብ ኤቨርተንም አዲስ ስታዲየሙን አንዱን አሮጌ ማራገፊያ ሞልቶ ሊሠራ ተነሣ። ዩኔስኮ ቀድሞ አስጠነቀቀ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2021 ሊቨርፑልን ከመዝገቡ ሰረዛት። ኤቨርተን ስታዲየሙን ሠርቷል፤ እኛም በቴሌቪዥን እያየነው ነው። ያምራል። አልዋሽም። የማራገፊያው የውኃ ኃይል ማሽን ይነዳበት የነበረውን ቤት አድሰው ጠብቀዋል፤ መሬት ላይ የነበሩትን ሀዲዶችም ትተዋል። ውኃው ግን የለም።

ልማትና ቅርስ ጠላት ናቸው ለማለት አይደለም ይህን ያመጣሁት። ሊቨርፑል ምን እንደያዘችና ምን እንደለቀቀች ቁጭ ብላ ተከራክራ ነው የወሰነችው። ዝርዝሩ በእጇ ነበር። እኛ ግን የተጻፈ ዝርዝር ለሕዝብ ታይቶ አያውቅም። ምን እንዳለን ሳናውቅ ምኑን ነው የምንከራከረው? ከከተማ ወጣ ባለው መስመር ላይ ሀዲዱና ማጋደሚያ ብረቱ እየተነቀለ የአጥር ቋሚ ሆኖ ያላየ የድሬ ሰው አለ? ያልተቆጠረ ነገር ጠፋ ተብሎ አይከሰስም። ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ ሁላችንም እንሰማዋለን።

ቅርባችን ያለ ሌላ ምሳሌም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤርትራውያን በጦርነት የጠፋውን የምፅዋ አስመራ መስመር ለመጠገን ሲነሡ፣ የጠሩት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞቻቸውን ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው አሮጌዎቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በእጃቸው አስነሡ። ፈረንጅ ያንን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ይሄዳል። እኛ የጎደለን ሽማግሌ አይደለም። እየጎደለን ያለው ጊዜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በየወሩ እየተቀበሩ ነው።

የሚሰጠኝን መልስ ከወዲሁ እገምታለሁ። «ግቢው የአስተዳደሩ አይደለም።» ልክ ነው። አሮጌው ምድር ባቡር የሁለት መንግሥታት፣ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ንብረት ነበር፤ ጉዳዩ ከድሬ በላይ ነው። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ፤ አሮጌው መሐል ከተማ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በቅጡ ሳይታወቅ ቀረ። ቢሆንም ንብረቱ የማንም ይሁን ቅርስነቱ የሁላችንም ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ይለዋል። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ሐውልት ብቻ አይልም። ሥራ ይላል። ድሬ ደግሞ ከሥራ ሌላ ምን አላት? ንጉሥ አልነገሠባት፣ ግንብ አልተገነባባት። ወላጇ ሥራ ነው። ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ደብዳቤ መጻፍ፣ ባለሙያ እንዲመጣ መጠየቅና ባለንብረቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግን ከእርስዎ ቢሮ አቅም በላይ አይደለም።

ስለ ኮሪደር ልማቱም ዝም ብዬ አላልፍም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ማታ ማታ ሰው ይናፈሳል። ጥሩ ነው። የአዲስ አበባዋ ፒያሳ በ2016 ምን እንደሆነች ግን አይተናል። ዶዘር ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ሙሾ ነው። ጣቢያው ራሱ አይፈርስም ይሆናል፤ ያምራልና። የምፈራው ፊቱ ተቀብቶ፣ ካፌ ተከፍቶበት፣ ጀርባው «ባዶ ቦታ» ተብሎ በካርታ ላይ እንዳይሰፍር ነው። ባዶ አይደለም።

ስለ ቱሪዝም ገቢ ብዙ ማውራት አልወድም፤ ሁሉም ነገር በዶላር ሲመነዘር ያሳፍረኛል። አንድ ነገር ብቻ። ቱሪስቱ ድሬ ኤርፖርት ያርፋል፤ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የጀጎልን ግንብ ሊያይ ሐረር ይሄዳል። የቀፊራን ገበያ እንኳ በመስኮት ነው የሚያየው። እንግዳውን ለግማሽ ቀን ለማቆየት ወርክሾፑ ይበቃል። አስጎብኚዎቹ ደግሞ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻሂ እየጠጡ።

ቆጠራው ውድ ሥራ አይደለም። የዩኒቨርሲቲያችን የምህንድስናና የታሪክ ተማሪዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ወረቀት፦ የት እንደቆመ፣ የት እንደተሠራ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማን ይሠራበት እንደነበር። ከአንድ ተማሪ ጎን አንድ ጡረተኛ ይቁም፤ ጡረተኛው የውሎ አበል ይከፈለው፤ በነጻ ማስለፋት ይብቃ። የፈረንሳይኛ መዝገቦቹም በዚያው ጉዞ ከአቧራና ከምስጥ ወጥተው ፎቶ ይነሡ። ፈረንሳይኛ የሚያነቡ ሽማግሌዎች እስካሉ ድረስ አስተርጓሚ መፈለግ አያስፈልግም።

እስከዚያ ድረስ ከግቢው አንድም ብረት እንዳይወጣ በደብዳቤ ይታዘዝልን። ቆጠራው የሚጀመርበት ቀን ከተነገረኝ ጋሼንና ጓደኞቻቸውን ከየቤታቸው ሰብስቤ የማመጣው እኔ ነኝ። ባጃጁንም እከፍላለሁ። ለዘበኛው ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለድሬዳዋ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን