በ«ሃምሳ» እና በ«ሺህ» መካከል የቀረው ባዶ ቦታ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ሳላነብ አላልፍም። ከሁሉ አስቀድሜ የምገልጠው የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም እዚያው ገጽ ላይ ደጋግሜ ስለማየው ነገር ነው። በቃላት መካከል ስለሚፈጠረው ሰፊ ባዶ ቦታ።

ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም እስከ አንድ ሰኞ ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ሰኞ የደሴ ገበያ ነው። የዛሬ 9 ዓመት ገደማ አንድ አባት ከኩታበር መጥተው የብድር ውል አጻፉኝ። ተበዳሪው እሳቸው ናቸው። አበዳሪውም ምስክሮቹም አብረው ቆመዋል። ጻፍኩ፣ ፕሪንት አደረግኩ፣ ሰጠኋቸው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ክፍት ምንድን ነው?»

አየሁት። «ሃምሳ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ከዚያ «ሺህ» ይላል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ባዶ፣ ከዚያ «ብር»። አውራ ጣታቸውን ክፍተቱ ላይ አሳረፉ። ልክ ሞላው።

«ነገ አንዱ እዚህ ጋ አምስት ብሎ ቢሞላበትስ?»

«አባባ፣ በአኃዝም እኮ ተጽፏል» አልኳቸው።

«አኃዙና ቃሉ ቢለያይ ዳኛ ፊት ማን ሊያስረዳልኝ ነው? አልፈርምም።»

ልክ ነበሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ቃል ብቻ አይረጋገጥም። ጽሑፍ ይፈለጋል፤ ያ ከሌለ ባለዕዳው ፍርድ ቤት ማመን ወይም መማል አለበት። ስለዚህ ያቺ ወረቀት ለእሳቸው ቤታቸውና በሬያቸው ናት። እኔ ደግሞ ወረቀቷ ላይ አምስት ሺህ ብር የሚያስገባ ቀዳዳ ትቼባቸው ነበር።

ክፍተቱን ለማጥበብ ሞከርኩ። አልጠብ አለ። በቃላቱ መካከል ያለው አንድ ስፔስ ብቻ ነው። እሱን ሳጠፋው ቃላቱ ይጣበቃሉ፣ ስመልሰው ያው ሰፊ ክፍት ይመጣል። በመጨረሻ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ግራ አስጠግቼ ሰጠኋቸውና ፈረሙ። ምክንያቱን ግን አላወቅሁም። ያን ሳምንት ማታ ማታ ስፈልገው ሰነበትኩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ወርድ (Word) በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ኢንተር ስንነካ አንቀጽ ዘጋን ማለት ነው። ሺፍትን ይዘን ኢንተር ስንነካ ግን አንቀጹን አልዘጋንም፣ መስመር ብቻ ቀየርን። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጽሑፉን ከግራም ከቀኝም እኩል ስናደርገው፣ ማለትም ጀስቲፋይ ስንለው፣ ወርድ የአንቀጹን የመጨረሻ መስመር አይለጥጥም፣ እንዳለ ይተወዋል። በሺፍትና ኢንተር የተቆረጠ መስመር ግን ለእሱ የመጨረሻ አይደለም። ገና አንቀጹ መሀል ነው። ስለዚህ ያሉትን ጥቂት ቃላት እስከ ቀኝ ጠርዝ ይጎትታቸዋል።

ታዲያ ይህን ያህል ጸሐፊ ለምን ሺፍትና ኢንተር ለመደ? ብዙዎቻችን የለመድነው ከ2007ቱ ወርድ ወዲህ ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ከዚያ በፊት ኢንተር ስትነካ ቀጣዩ መስመር እዚያው ሥር ይመጣ ነበር። 2007 ላይ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ 10 ነጥብ (የፊደል መጠን የሚለካበት ፖይንት) ክፍት ቦታ በነባሪነት ገባ። 2013 ላይ 8 ነጥብ ሆነ። አድራሻ፣ የምስክር ስም ዝርዝር፣ ምንም ብትጽፍ መስመሩ ተራርቆ ቁጭ ይላል። ወረቀት ይበላል፣ መልክም የለውም። አንዱ «ሺፍት ይዘህ ምታው፣ ይጠጋልሃል» አለ። ከቤት ወደ ቤት፣ ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ ተዛመተ። እኔንም ያስተማረኝ ሰው በቅንነት ነው ያስተማረኝ። ትክክለኛው መንገድ ግን የአንቀጽ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ከአንቀጽ በኋላ ያለውን ክፍተት ዜሮ ማድረግ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢንተር ብቻ ይበቃል።

የተበላሸውን ማዳን ይቻላል፣ ቀላልም ነው። መጀመሪያ የተደበቁ ምልክቶችን የምታሳየውን ቁልፍ መጫን ነው። ወርድ ላይ የተገለበጠች ፒ የምትመስለው ናት። እሷን ስትጫን አንቀጽ የተዘጋበት ቦታ ላይ ያቺው ምልክት ትታያለች፣ መስመር ብቻ የተቀየረበት ላይ ደግሞ የታጠፈች ቀስት። ከዚያ ኮንትሮልና ኤች፤ ፈልጎ የሚተካው መስኮት ይከፈታል። መፈለጊያው ላይ ኮፍያ የምትመስለው ምልክት (ሺፍትና 6) እና ትንሿ ኤል ይጻፋሉ። መተኪያው ላይ ያቺው ኮፍያና ትንሿ ፒ። ሁሉንም ተካ ማለት ነው። ኪቦርዱ በዚያ ሰዓት እንግሊዝኛ ላይ መሆን አለበት። አማርኛ ላይ ከሆነ የግዕዝ ፊደል ይገባና «አልተገኘም» ይላል። ስንቱ ሰው እዚህች ጋ ደርሶ ተስፋ ቆርጧል። የታጠፈችው ቀስት እንዳለች ትቅር ከተባለ ደግሞ ከእሷ አስቀድሞ አንድ ታብ መንካት መስመሩን ከመለጠጥ ያድነዋል።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የሺፍት አይደለም። የእኛ ቋንቋ ቃሉ ረጅም ነው። «እንደማይመለከታቸውም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው 12 ፊደል ነው። አንድ የጋዜጣ ዓምድ 22 ፊደል ይይዛል እንበል። «ጉዳዩ እነሱን ብቻ» ሲል 11 ቦታ ወሰደ። ቀጥሎ ያ 12 ፊደል ቃል መጣ። አይገባም። ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ወረደ። የቀረው የ11 ፊደል ባዶ ቦታ ለሁለቱ ክፍተቶች ተከፈለ። እንግሊዝኛ ሲሆን ፕሮግራሙ ቃሉን በሰረዝ ይከፍልለታል። እኔ በምጠቀምበት ወርድ ላይ ለአማርኛ ይህን የሚያደርግ የለኝም።

አባቶች እንዴት ነበር የሚያደርጉት? ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄጄ የብራና መጻሕፍቱን ከመስታወት ውጭ ቆሜ ሳይ ዓይኔ መስመሩ መጨረሻ ላይ ነበር። ሰዉ የሐረጉን ጌጥና ሥዕሉን ያያል፣ እኔ ጠርዙን። ዓምዱ ቀጥ ያለ ነው። ቃላቱ መሀል ግን የተንቦረቀቀ ነገር የለም። ለምን ቢሉ፣ ጸሐፊው መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን እዚያው ይሰብረዋል። ሰረዝ የለ፣ ምልክት የለ። ቀሪው ፊደል በሚቀጥለው መስመር ይቀጥላል። ቃሉ ያለቀበትን በቃላት መካከል ያሉት ሁለቱ ነጥቦች (፡) ስለሚነግሩት አንባቢው አይሳሳትም። እኛ ሁለት ነጥብን ትተን ባዶ ቦታ ስንተካ፣ ኮምፒውተሩ የሚለጥጠው ነገር ሰጠነው።

አንድ የመንዙማ ደብተር ያጻፉኝ ሼኽ ደግሞ ሌላ ነገር አሳይተውኛል። የወሎ ዑለሞች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። የዐረብኛ ፊደል እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ጸሐፊው መስመር ሲጎድልበት ማያያዣውን ይስበዋል፣ ፊደሉ ራሱ ይረዝማል። ወርድም ለዐረብኛ ይህን ያውቃል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው፣ አይሳብም። ስለዚህ የእኛ ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ቃሉን እንደ ብራናው መስበር፣ ወይ የቀኙን ጠርዝ እንዳለ መተው። ለመስበር ለሚፈልግ ወርድ ውስጥ የልዩ ምልክቶች ዝርዝር ላይ «ኖ ዊድዝ ኦፕሽናል ብሬክ» የሚባል አለ። ስፋት የለውም፣ አይታይም። ረጅሙ ቃል መሀል ስታስገባው፣ ቃሉ ካልገባለት እዚያ ላይ ያለ ሰረዝ ይታጠፋል። ለመጽሐፍ ሽፋንና ለሠርግ ጥሪ እጠቀምበታለሁ። ለረጅም ጽሑፍ ግን አድካሚ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ገጽ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ እናት ስለ ልጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ወጥቶ ነበር። አንዱ መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ ቀርቶ አንዱ ግራ ጥግ፣ አንዱ ቀኝ ጥግ ተቀምጧል። የአንቀጹ ሐዘን እዚያ ላይ ተቆረጠብኝ። ደብዳቤዎቹ በቴሌግራም ወይም ከፒዲኤፍ ተገልብጠው እንደሚመጡላችሁ እገምታለሁ። ከፒዲኤፍ የተገለበጠ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በየመስመሩ የተቆረጠ ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። እውነተኛው የአንቀጽ መለያ ሁለት ኢንተር ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጽሑፉ ውስጥ በማይገኝ ምልክት፣ ለምሳሌ በሦስት ኮከብ እተካለሁ። ቀጥሎ የቀሩትን ነጠላ ኢንተሮች በአንድ ስፔስ። በመጨረሻ ሦስቱን ኮከብ በኢንተር። 40 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ በአምስት ደቂቃ ይጸዳል። በእጅ ቢሆን ሌሊቱን ይፈጃል። ከተንታ የመጣ አንድ ተማሪ ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ይህን በእጁ ሲያደርግ አግኝቼው፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ገና 9ኛው ገጽ ላይ ነበር።

አራት ነጥብንም አደራ። ብዙ ሰው ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ ይነካል። ያኔ ነጥቧ ከቃሉ ትለይና መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን ቁጭ ትላለች። ስፔስና አራት ነጥብን ፈልጎ በአራት ነጥብ መተካት ነው። «ዓ.ም.»ም መሀሉ ላይ ስፔስ ከገባ «ዓ.» እላይ ቀርታ «ም.» ትወርዳለች።

የምጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። የደብዳቤው ገጽ ዓምድ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ እሱን ብቻ ከግራ አስጠግታችሁ አትሙት። ቀኙ ቢዛነፍ ማንም አይቀየምም። ዓምዱ የግድ እኩል ይሁን ካላችሁም ሰፋ አድርጉት፣ ወይም ረጅሙን ቃል ስበሩት። የኮምፒውተር ትምህርት የምትሰጡ ወንድሞችና እህቶች ይህን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ፣ ጀማሪው ኪቦርድ በነካ በመጀመሪያው ቀን የተደበቁ ምልክቶችን ክፈቱለት። የነካው ምን እንደሆነ እያየ ይማር።

ይህን ደብዳቤ የላክሁላችሁ በግራ ብቻ አስተካክዬ ነው። «ሃምሳ ሺህ ብር» የሚለው በአንድ መስመር ላይ እንዲውል በቃላቱ መካከል ኮንትሮል፣ ሺፍትና ስፔስ ነክቼ የማይሰበር ክፍተት አስገብቻለሁ። ወደ ገጻችሁ ስትገለብጡት እንዳይጠፋ አደራ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለሙያ፣ ደሴ