አብሽር፦ የፈጠራና የእጅ ሥራ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ሠራ። ከዎርክሾፑ ጀርባ ጎማዋ ተንፍሶ ለዓመታት የቆመችውን የትምህርት ቤቱን አሮጌ ሚኒባስ ውስጧን ባዶ አድርገን እንደገና ሠራናት። አሁን አራት ሰው ታሳድራለች። መብራት አላት፣ ውሃ አላት፣ ማስታወሻ የሚጻፍበት ጠረጴዛ አላት። አባሎቻችን 24 ነበሩ፣ 11ዱ ሴቶች። የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከየካቲት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ጠይቀው ረቡዕ ከሰዓትም ተጨመረ።

ነገሩ የመጣው ከተፈጥሮ ክበብ ነው። እነሱ በየዓመቱ ሐይቅ ከተማ ሄደው የውሃ ወፎች ይቆጥራሉ። እኛ ካለንበት ከደሴ እስከ ሐይቅ ቢበዛ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ አይደለም። ግን ወፍ የሚቆጠረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኛ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና ፒያሳ ቆመን መኪና እየጠበቅን ነው። ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ጀልባው ተነስቷል፣ ወፉ ሄዷል። እዚያው ማደር አለብን ተባለ። አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ በመስኮት ወደ ሚኒባሷ እያየች «ይቺስ?» አለች። በዚያው ተጀመረ።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልጽፍም። መካኒክ የሆኑ አንድ ወላጅ በሁለት ወር ውስጥ አስነሱት፣ ፍሬኑንም ሙሉ በሙሉ ቀየሩ፣ የወሰዱት የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልን። ዓመታዊ ምርመራዋን አልፋ ቦሎዋን ለጥፋለች። የኛ ሥራ ከሾፌሩ ወንበር በስተኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ የኋላ ወንበሮቹን አወጣን። ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን አንድ ረድፍ ግን ቀበቶውን አስተካክለን ተውነው፣ ስለዚህ በሕግ ስድስት ሰው ትጭናለች። መኪናዋ ስትሄድ ፍራሽ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ይህን በሩ ላይ በትልቁ ጽፈናል። ከዚያ የላስቲክ ምንጣፉን አነሳን። ሥሩ ያለው ወለል ላይ ላዩን ደህና ይመስላል፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። አንዲት ልጅ በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብላ ነካችው። ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ጎንበስ ብለን ስናይ በቀዳዳው በኩል ከመኪናዋ ሥር ያለው ሣር ይታያል። ከዓመታት በፊት መኪናዋ የገባችበት ጋራዥ ዝገቱን ሳይነካ ላዩን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶ መልሷት ነበር። ልጆች ተቀምጠውበት ሲጓዙበት የነበረ ወለል ነው። በጣም ተናደድኩ፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ጥቅምትና ኅዳርን ዝገት ስንፍቅ አሳለፍናቸው። የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አፍና አፍንጫ ላይ ሻሽ። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፣ ሁለት ዙር የዝገት መከላከያ ተቀባ። ልጆቹ አልጋና መጋረጃ እያሰቡ ነበር የመጡት። ለስድስት ሳምንት ያዩት ግን ቡናማ አቧራ ብቻ ነው። ሦስት ልጆች ቀሩ። የቀሩት ሃያ አንዱ ናቸው ዓመቱን የያዙት።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ፤ ከዓመቱ ሥራ ትልቁ እሱ ነው።

ከገና በፊት ቸኩለን ነበር። በላሜራው ላይ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ለጠፍን፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ መታን፣ ቫርኒሽ ቀባን። አማረ! ዳይሬክተሩ መጥተው አዩ፣ ፎቶ ተነሳን። በጥር አንድ ቅዳሜ ሌሊት ከሁለት ወንዶች ልጆችና ከጥበቃው ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ሞክረን አደርንባት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የጥር ሌሊት ምን እንደሚመስል ደሴ ያደረ ያውቀዋል። መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ተኛን። ጠዋት ከልጆቹ አንዱ ቀሰቀሰኝና «ቲቸር፣ ግድግዳው አልቦታል» አለኝ። በጣቴ ነካሁት። በእንጨቱ መገጣጠሚያ በኩል ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። አንዱን ቪቴ ፈትተን ኮምፔንሳቶውን ትንሽ ፈልቀቅ ስናደርገው ስፖንጁ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል፣ ጀርባው ያለው ላሜራ ደግሞ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው።

ዝናብ አልዘነበም። ውሃው ከኛ ነው የወጣው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ እርጥበት ያወጣል፤ አራት ሰው በአንድ ሌሊት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ እርጥበቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ጤዛ ይሆናል። የብርድ ጠዋት የሻይ ቤት መስኮት የሚያለቅሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በመኪና ግን ጤዛው የሚያርፈው ከእንጨቱ ጀርባ ነው፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሁለት ወር ሙሉ የፋቅነው ዝገት ላይ። ዝም ብለን ብንተወው ኖሮ በሦስት ዓመት ካቻቪቴው ግድግዳውም ውስጥ ይገባ ነበር።

አፈረስነው። ለልጆቹ መንገር ከበደኝ። ሰኞ ዕለት ሰብስቤ ስነግራቸው አንዷ አለቀሰች፣ ቫርኒሹን የቀባችው እሷ ነበረች። ጥበቃችን፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ በር ላይ ቆመው እየሰሙ ነበርና «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ» አሉ። ቅዳሜ ስንመጣ አንድ ሰው በጠመኔ ከኋላ በሩ ላይ አብሽር ብሎ ጽፎ አገኘን። ማን እንደጻፈው እስካሁን አልታወቀም። ኋላ በቀለም ደገምነው፣ ስሟም ሆኖ ቀረ።

መፍትሔው የመጣው ከወረኢሉ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን አያቱ ጋ የሚያድርበት ባና፣ ከበግ ጠጉር የተሠራው ብርድ ልብስ፣ በእርጥብ ቀን እንኳ እንደማይበርደው ተናገረ። ሐቁን ነው። የበግ ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን እርጥበት መጥጦ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይለቀዋል። በቃጫዎቹ መካከል የቆመው አየር ብርዱን ይከላከላል። ስፖንጅ ግን ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ልጁ ከቤተሰቡ ሁለት ጆንያ ያልታጠበ ጠጉር አመጣ፣ አያቱም አብረው መጡ። እማማ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከኛ ጋር ዋሉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አሳጠቡን። የመጀመሪያው ውሃ ቡና መሰለ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። ልጆቹ ጠጉሩን በጣታቸው ሲጎትቱ ቆጣ ብለው «ቀስ! እንደሱ ከሆነ ይተበተባል» አሉና እፍኝ ይዘው በሁለት እጃቸው ሳሳ ሳሳ እያደረጉ አሳዩአቸው። በእጃቸው ላይ እንደ ደመና ይነፋል። ሴት ወንድ ሳይል ሁሉም ተቀምጦ አባዘተ።

የፈራነው ብሉን ነበር። ስለዚህ ጠጉሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልለጠፍንም። ከአቡጀዲ ትራስ የሚያካክሉ ከረጢቶች ሰፍተን ሞላናቸው፣ በላሜራው የጎድን አጥንቶች መካከል ሰካናቸው። ኮምፔንሳቶውም በቪቴ ብቻ ነው የታሰረው፣ ሙጫ የለውም። በዓመት አንድ ጊዜ ይፈታል፣ ከረጢቱ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይመለሳል። ይህን ሐሳብ ያመጡት ሁለት የስፌት ልጆች ናቸው። ጣሪያው ላይ ደግሞ አየር ማስወጫ ከፈትን፣ ከእንግዲህም ሁለት መስኮት በጣት ስፋት ሳይከፈት ማደር የለም። ጠጉሩ ብቻውን ተአምር አይሠራም፣ እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል።

እንጨቱን በአጭሩ። በመጀመሪያ የገዛነው የባህር ዛፍ ሞራሌ ገና እርጥብ ነበር፣ በሦስት ሳምንት ተጣመመ። ኋላ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ስናይ የተሰበሩ ዴስኮች ተከምረው አገኘን። ከልጆቹ ዕድሜ በላይ የደረቀ እንጨት! አግዳሚዎቹ፣ መሳቢያዎቹ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ከዚያ ነው የወጣው። ቀን ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ማታ ጠረጴዛው በመካከላቸው ዝቅ ይልና 1.85 በ1.50 ሜትር አልጋ ይሆናል፣ ሦስት ልጅ ተጠጋግቶ ይተኛበታል። አራተኛው ሰው የተሳፋሪው ወንበር ላይ ነው። የጠረጴዛውን የውስጥ ገጽ አልላግነውም። የድሮ ተማሪዎች በቢላ የቀረጹት ስማቸው አለ።

መብራቱን የ11ኛ ክፍል ልጆች ያዙት። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ጣሪያው ላይ የ100 ዋት ሶላር። ስሌቱን ራሳቸው ሠሩ፦ ባትሪው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 600ውን ብቻ እንቆጥራለን። አራት የ5 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 100 ነው። ስልኮችና አንድ ላፕቶፕ ሲጨመሩ 210 አካባቢ። ደመና ቢሆን እንኳ ሁለት ሌሊት ያስኬዳል።

እነሱን ያስገረማቸው የሽቦው ውፍረት ነው። የቤት ሽቦ 220 ቮልት ነው የሚሸከመው። በ12 ቮልት ያንኑ ዋት ለማግኘት 18 እጥፍ ገደማ አምፔር ያስፈልጋል፣ ቀጭን ሽቦ ይግላል። እናም ፊዩዙ ከባትሪው አጠገብ ካልሆነ ጥቅም የለውም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። በመጋቢት አንድ ቀን ሽቦው ላሜራ ቆርጦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ሳይደረግ ቀረ። ስለቱ የሽቦውን ልባስ በላው። ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። ሮጠን ስናይ ባለ 15 አምፔሩ ፊዩዝ ጠቁሯል፣ ሌላ ምንም የለም። ፊዩዙ ባይኖር ከዚያ ግድግዳ ጀርባ እንጨትና ጨርቅ ነበር። ያንን ፊዩዝ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፈነዋል።

ውስጥ ምግብ አይበስልም፣ ከሰል ደግሞ በሩ ጋ እንኳ አይደርስም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ከሰል ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ሽታ የሌለው መርዝ ይለቃል። በብርድ ጊዜ ከሰል ይዞ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልተነሳ ሰው በየሰፈራችን አለ። የኛ ክፍል ደግሞ ከአንድ ቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም።

ሚያዝያ ላይ ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ሞከርናት። ከደሴ እስከዚያ 650 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፣ መታጠፊያው አያልቅም። በሁለተኛው መታጠፊያ መሳቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተከፈቱ፣ ኩባያውም ማንኪያውም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካኑ፣ ማለት 20 ኪሎ፣ ከኋላ በር ጋ ነበርና ጭራዋን ይወዘውዘዋል። ስንመለስ ጀሪካኑን ወደ ኋላ ጎማው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ አሰርነው። ለየመሳቢያው የእንጨት መቀርቀሪያ ተሠራለት።

ግንቦት 10 ቅዳሜ ሐይቅ ሄድን። ረመዳን ነበር፣ ቀኑን ግን በፈተናው ምክንያት ማዛወር አልተቻለም። የሚጾሙት ልጆች «ሄደን እንጾማለን» አሉ። ስድስታችን በአብሽር፣ ዘጠኙ በሕዝብ ሚኒባስ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ በውሃው ዳር ቴምርና ውሃ ተዘረጋ። የማይጾሙት ልጆችም ከምሳ በኋላ ምንም ሳይቀምሱ ጠብቀው አብረው በሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የብስ እንደ ጥላ ውሃው ላይ ተኝቶ ይታያል። ሴቶቹ ከመምህርታቸው ጋር መኪናዋ ውስጥ፣ እኛ ወንዶቹ ድንኳን። ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን የአብሽር መስኮት በራ። ለሱሁር የተነሱት ናቸው። ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ያንን ቢጫ መስኮት አየሁት፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁለት ነገር ሆኖ ሳየው ደረቴ ሞላ።

ጎህ ሲቀድ ማስታወሻው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ወፎቹም ውሃው ላይ። የተፈጥሮ ክበብ ቆጠራውን በራሱ ዘገባ ያወጣዋል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ግድግዳው ነው። አንድ ኮምፔንሳቶ ፈትተን ከረጢቱን አወጣን፣ ከጀርባው ያለውን ላሜራ በመዳፌ ዳሰስኩ። ደረቅ። ቫርኒሹን የቀባችው ልጅም እጇን ከትታ ዳሰሰች፣ ከዚያ መዳፏን ገልብጣ ለሁሉም አሳየች። ባትሪው 12.5 ቮልት ያነባል።

የቀረ ሥራ አለ። የኋላ በሩ የቀኝ ጥግ በበልጉ ዝናብ ትንሽ አፍስሷል፣ ጎማው መቀየር አለበት። የእጅ መታጠቢያው ገና ነው። ከረጢቶቹ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ተፈተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ለዚያ ብዙ እጅ እንፈልጋለን። መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት፣ ዎርክሾፑ ጀርባ ኑ። አሮጌ ልብስ ልበሱ።