የእኛ ተወካይ አለ ወይ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ዘመናቸው መሀል ከፓርላማ ስለሚጎድሉ አባላት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽፋችኋል። ግን አንድ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል፣ ዋናውን ነገር ደግሞ ሳትነኩት አልፋችሁታል። ብዕር ያስነሣኝ እሱ ነው።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ መብራት ሲኖር ኮፒ አደርጋለሁ። በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ አንድ ጣቢያ ላይ ምርጫ አስፈጻሚ ነበርኩ። ሰኔ 14 ቀን። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ተራዝሞ፣ እኛ ሌሊቱን ስንቆጥር አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል ውጤቱን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እጄ ላይ የቀረው የምርጫ ቀለም ሳምንት ሙሉ አለቀቀኝም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ለምን እንዳሳፈረኝ እንዲገባችሁ ነው።

ሰሞኑን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የሰፈራችን ሰው ሱቅ መጡ። ጉዳዩ ውኃ ነው። ጎንደር ውስጥ ሌላ ምን ጉዳይ አለ? የአንገረብ ግድብ ብቻውን ይችን ከተማ ማጠጣት ካቃተው ቆይቷል፣ የመገጭ ግድብ ዛሬ ያልቃል ነገ ያልቃል ሲባል ልጆቻችን አደጉ። እና ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄ፣ ለፓርላማው ሰውያችን አንድ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሉኝ።

«ለማን ብዬ ልጻፍልዎት?»

«ለመረጥነው ነዋ!»

«አሁንም አለ ወይ?»

እሳቸውም ዝም፣ እኔም ዝም። ውጤቱን በር ላይ የለጠፍኩት ሰው፣ ያ የተመረጠው ተወካይ እስከ ዛሬ ወንበሩ ላይ ይኑር ወይ ሹመት አግኝቶ ይሂድ፣ ታሞ ይሁን ለቆ፣ አላውቅም። ስልክ የለም፣ ቢሮ የለም። በማግስቱ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ብጠይቅ፣ ሰውየው ሻዩን እየጠጣ «እሱን ፓርቲውን ጠይቂ» ብሎ ሸኘኝ።

ፓርቲውን? ደቡብ አፍሪካ ብሆን እሺ። እዚያ ሕዝቡ በአብዛኛው የሚመርጠው ፓርቲ ነው፤ አንዱ አባል ሲጎድል ፓርቲው ከዝርዝሩ ተከታዩን ያስገባል፣ አለቀ። የኛ ግን እንደዚያ አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚያሸንፈው፣ ወረቀቱም ላይ ከፓርቲው ምልክት ጋር የዕጩው ስም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባላት የሚገዙት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ይላል። እዚያ ውስጥ ፓርቲ የሚባል የለም። ወንበሩ የመራጩ ነው፣ ፓርቲው ተከራይ ነው ብል ይቀለኛል።

አሁን ወደ ስሕተታችሁ ልምጣ። ሰኔ 2016 በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋር፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተደረገውን «ማሟያ ምርጫ» ብላችሁታል። አይደለም። እሱ ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ነው። ቀሪው በ2013 ሳይካሄድ የቀረ ነው፣ ድጋሚው ደግሞ ውጤቱ ስላልጸና እንደገና የተደረገ። ማሟያ ማለት አንድ ሰው በትክክል ተመርጦ፣ ወንበሩን ይዞ፣ ከዚያ መሀል ላይ ሲጎድል እሱን ለመተካት የሚደረግ ነው። ቃሉ ከተምታታ ጥያቄውም ይምታታል። የትግራይ 38 ወንበሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በ2013 ምርጫ ስላልተደረገባቸው ከ547ቱ ውስጥ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበሩ። የጎደለና ከነአካቴው ያልሞላ አንድ አይደለም።

ሰው መሀል ላይ እንዴት ይጎድላል? ይሞታል። ይለቃል። አምባሳደር ሆኖ ውጭ ይሄዳል። (ሚኒስትር መሆን ግን ወንበር አያስለቅቅም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ከአባላቱ መካከል ነው የሚመረጠው።) ወይ ደግሞ ይታሰራል። ይኼኛው ነው እናንተ ፈርታችሁም ይሁን ረስታችሁ የዘለላችሁት። አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ሲታሰሩ የምክር ቤት አባል ብቻ አልነበሩም፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበሩ። ኮሚቴው ሌላ ሰብሳቢ አገኘ። የመረጣቸው ሕዝብስ? የታሰረ ሰው ወንበሩን አላጣም፣ ግን ተነሥቶ ሊናገርለትም አይችልም። ስለ ጥፋተኝነትና ንጽሕና የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው፣ እኔ እዚያ አልገባም። እኔ የምለው ስለ መራጩ ነው። የኮሚቴ ወንበር ባዶ እንዳይሆን የሚጣደፍ ቤት፣ የምርጫ ክልል ወንበር ሲሆን ለምን ይረጋጋል?

እድራችንን እዩት እስቲ። የእድሩ ዳኛ ቢሞት እሱን ቀብረን ስንመለስ ነው ስለ ተተኪው የምንነጋገረው፣ ቢዘገይ ለሚቀጥለው እሑድ። ጥሩምባ ነፊው እንኳ እግሩን ቢያመው በማግስቱ ሌላ ሰው ጥሩምባውን ይዞ ሲዞር ትሰማላችሁ። ማንም «አምስት ዓመቱ ይሙላና እናያለን» አይልም፤ ሞት ቀጠሮ አይጠብቅማ!

አገሪቱ ግን ጠብቃ ታውቃለች። ግንቦት 1997 አዲስ አበባ ውስጥ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ተቃዋሚው ቅንጅት አሸነፈ። ከዚያ ከተመረጡት ብዙዎቹ አንገባም አሉ፣ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለባዶዎቹ ወንበሮች ማሟያ ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2000 ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ማለት ነው። ከአምስት ዓመት ዘመን ውስጥ ግማሹ አልፎ! ማን ጥፋተኛ ነበር የሚለውን ትታችሁ ቤቱ የተዘጋበትን መራጭ ብቻ አስቡት።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በሕገ መንግሥቷ ቆርጣዋለች። ወንበር ሲለቀቅ አፈ ጉባዔው በ21 ቀን ውስጥ ለምርጫ ኮሚሽኑ ያሳውቃል፣ ወንበሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮም በ90 ቀን ውስጥ ምርጫ ይደረጋል። ኬንያ ሁሉ ነገሯ ያማረ ነው እያልኩ አይደለም፣ ምርጫቸውን በቴሌቪዥን አይተነዋል። ቀኑ ግን ተጽፏል። ቀን የተጻፈበት ነገር ደግሞ ሰው ይጠይቅበታል። የኛም እንደዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቀን ቢኖረው ጋሼን «አለ ወይ?» ብዬ አልጠይቃቸውም ነበር።

ሌላም አለ። ያው አንቀጽ 54 ቁጥር 7 ላይ፣ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ይወገዳል ይላል። አንቀጽ 12ም ያንኑ ይደግመዋል። ሱቄ ለሚመጣ ሰው ይህን ስነግር ይስቅብኛል፤ «አንቺ ደግሞ፣ እኛ ልናወርደው?» ይለኛል። አይፈረድበትም። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ራሱ ከ2005 ወዲህ ተደርጎ አያውቅም፤ ቀበሌውን የሚመርጥበት ቀን የጠፋበት ሰው ፓርላማ ውስጥ ያለውን አወርዳለሁ ብሎ እንዴት ያስብ? እኔ ግን ጋዜጣ ላይ አንድ ቀን እንኳ «ተወካያችሁን እንዲህ አድርጋችሁ ታወርዳላችሁ፣ ፊርማ የሚሰበሰበው እንዲህ ነው» የሚል ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። እሱን ጻፉ። የአፈ ጉባዔውን ንግግር ለሦስተኛ ጊዜ ከምታትሙት እሱን ጻፉ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ ወጪም የለውም። በየወሩ አንዲት ትንሽ ሳጥን። ውስጧ ባዶ የሆኑት የምርጫ ክልሎች ስም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት። ምክር ቤቱን ደውላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካልሰጣችሁም «ጠይቀን መልስ አላገኘንም» ብላችሁ ጻፉ፣ እሱም ዜና ነው። እኔ እዚህ ቆርጬ ሱቄ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ። ውጤት በር ላይ መለጠፍ ልምዱ አለኝ።

የጋሼን ማመልከቻ ጽፈን ጨርሰናል። «ለተከበሩ» ብለን ጀምረን ስሙ የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትተን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ሂሳብ አልተቀበልኳቸውም፣ ሥራው ገና አላለቀማ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር ፒያሳ