ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳትጠይቂ አትብዪ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12

ለምወድሽ ልጄ ለማርታ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ግን የአክስትሽ ልጅ የነገረቻትን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። እዚያ ኮሪያ፣ ጆንጁ ከተማ፣ ናምቡ ገበያ ገብተሽ ሾርባ ብለው ያቀረቡልሽን በልተሽ፣ በማግስቱ የአሳማ ደም የተሞላ አንጀት መሆኑን ስትሰሚ አልቅሰሽ፣ ከዚያ ወዲህ ዶርም ተዘግተሽ ራምዮን በሚሉት ፈጥኖ ደራሽ ኑድል ብቻ ትኖሪያለሽ አሉ። ከስተሻልም አሉ።

ምግቡ ፒሱንዴ ይባላል፤ "ፒ" ማለት ደም ነው። ሳታውቂ የሆነ ነውና ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ይለፍልሽ። ግን የኔ እናት፣ ከአሳማ ሸሽተሽ የተጠለልሽበት ራምዮንስ? የቅመሟን ከረጢት ጀርባ ለኮሪያ ጓደኛሽ አስነብቢያት። ብዙዎቹ ውስጥ የከብት ወይም የአሳማ ዱቄት አለ። ሱቅ የምትገዢው ባለ ሦስት ማዕዘን ኪምባፕ፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ፣ ውስጥም ሃም የሚሉት የአሳማ ሥጋ አይጠፋም። በር ዘግቶ መቀመጥ ከምንም አያድንሽም። ሳትጠይቂ አትብዪ፤ ከጠየቅሽ ደግሞ ያ ከተማ የመብል ከተማ ነው። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2012 የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ የመዘገበው በከንቱ አይደለም። ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ ደጋግሜ የገባሁባቸውን ቤቶች አካሄድ ልጻፍልሽ።

በጉክባፕ፣ ሩዝ በሾርባ በሆነው፣ ጀምሪ። ሀንጆንግሺክ የሚሉት ጠረጴዛ ሙሉ ማዕድ ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብቻሽን ከሄድሽ ይመልሱሻል፣ ጠልተውሽ እንዳይመስልሽ። ኮንግናሙል ጉክባፕ ግን ሩዝና የአኩሪ አተር ቡቃያ በአንድ ሳህን ነው፤ ለብቸኛ ሰው የተሠራ ይመስላል። በሩ ላይ "ሆንጃዬዮ"፣ ብቻዬን ነኝ፣ ብለሽ ግቢ። ብዙዎቹ በማለዳ ከፍተው ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጉ ለእራት አትመኚው።

ሁለት ዓይነት ነው። የናምቡ ገበያው፣ ሩዙ ላይ የፈላ መረቅ እያፈሰሱ፣ እያንቆረቆሩ፣ እንደገና እያፈሰሱ የሚያሞቁት ነው፤ ቶርዮም ይሉታል። ስለዚህ ወዲያው በሚበላበት ሙቀት ይቀርብልሻል፤ ቀዝቅዟል ብለሽ እንዳትመልሺ። እንቁላሉ ገና ሳይጠና ለብቻው በብረት ኩባያ ይመጣል። ሦስት አራት ማንኪያ ትኩስ መረቅ ጨምሪበት፣ ጊም የተባለውን ስስ የባሕር ቅጠል ቆራርሰሽ ነስንሺበት፣ ከሾርባው በፊት ብዪው። ሁለተኛው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ፣ እንቁላሉ ውስጡ ተሰብሮ የሚመጣው ነው። ሳምቤክጂፕ የተባለው ቤት በዚህ ይታወቃል። ስሙ "ሦስት መቶ ቤት" ማለት ነው፤ በቀን 300 ሳህን ብቻ ይሸጥ ነበርና። አንቺ ስትበዪ ትቸኩያለሽ፤ ምላስሽን እንዳታቃጥዪ።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ሾርባው ቡቃያ ብቻ ይምሰል እንጂ መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው የሚወጣው። ጨው የሚተካላቸው ሴኡጆት ነው፤ በጨው የተቀመጠ ሽሪምፕ። ከላይ የተከተፈ ስኩዊድ የሚጨምሩም አሉ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን እንደማንበላ ታውቂያለሽ። ሴኡጆቱ በትንሽ ሳህን ለብቻው ከመጣ አትንኪው። ከውስጥ ከገባ ግን በዓይን አታገኚውም፤ ኪምቺው፣ በበርበሬ ታሽቶ የሚቀመጠው ጎመን፣ ውስጥም እንደዚሁ ተሟሟቶ ይኖራል። ስለ ኪምቺው እኔ አልፈርድም፣ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሳትጠይቂ ግን አትብዪ።

ቢቢምባፑ፣ ከአትክልትና ከሥጋ ጋር የሚደባለቀው ሩዝ፣ ዋጋው ከጉክባፕ እጥፍ ገደማ ነውና በወር አንዴ ይበቃሻል። በነሐስ ሳህን፣ መሐሉ ላይ ጥሬ የከብት ሥጋና የእንቁላል አስኳል፣ ዙሪያውን ቡቃያ፣ የዱር ፈርን፣ ሥራ ሥርና ሁዋንግፖሙክ የተባለ ቢጫ ነገር ይደረደራል። ይህ ቢጫው ከማሾ የተሠራ ለስላሳ ርጋታ ነው፤ ጆንጁን ከሌላው የሚለየውም እሱ ነው። ጥሬ ሥጋውን የክትፎ አገር ልጅ አይፈራውም። ካልፈለግሽ ግን ዶልሶት የሚባለውን በጋለ ድንጋይ ሳህን እዘዢ፤ ሥጋውን ከሳህኑ ግድግዳ ላይ ስትጫኚው ይበስላል። ጎቹጃንግ የሚሉትን ድልህ መሳይ የበርበሬ ማባያ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ጨምሪ። ሩዙን በማንኪያ አትደፍጥጪው፤ በቾፕስቲክ ካገላበጥሽው ፍሬው ሳይላቆጥ ይዋሐዳል። በማንኪያ የምትቀላቅል የእኛ ልጅ ናት፣ ድልህ ያሸች ይመስላታል።

ለጾም ይህ ሳህን ወጥመድ ነው። "ጎጊ ጴ ጁሴዮ" ማለት ሥጋውን አውጡልኝ ነው፤ ያወጡልሻልም። ሩዙ ግን ብዙ ቤት የሚቀቀለው በከብት አጥንት መረቅ ነው! ሥጋ አውጡ ያልሽው ከላይ ያለውን እንጂ ድስቱን አይነካውም። እናም እንዲህ በዪ፦ "ዩክሱኤ ጎጊ ድሮጋዮ?" መረቁ ውስጥ ሥጋ ይገባል ወይ ነው። ለእንቁላሉ "ግዬራን ጴ ጁሴዮ" በዪ። ቋንቋሽ ካልተጣራ ጓደኛሽ ሦስቱንም በኮሪያ ፊደል ወረቀት ላይ ትጻፍልሽና በስልክሽ ሽፋን ውስጥ ክተቺው። ዛሬ አድርጊው። ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ነው የቀረው።

መጠጥ። አትጠጪ ብል እንደማትሰሚኝ አውቃለሁና ቢያንስ በአግባቡ ጠጪ። ማክጎሊ ከሩዝ የሚጠመቅ የእነሱ ጠላ ነው፤ 6 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፣ ግን እንደ ወተት ስለሚወርድ ያታልላል። በባዶ ሆድ እንዳትነኪው። ሳምቾንዶንግና ሶሺንዶንግ የሚባሉት ሰፈሮች የሚሸጡት በጀበና መሳይ ማንቆርቆሪያ ነው፤ አንዱ ሦስት ጠርሙስ ያህል ይይዛል። ከመጠጡ ጋር ምግብ በነፃ ይመስል ይደረደራል። ሁለተኛ ማንቆርቆሪያ ሲታዘዝ የተሻለ ምግብ ይመጣል፣ ሦስተኛው ላይ ከዚያም የተሻለ። ሰውን የሚጥለው ይህ ነው፦ ምግቡን ለማየት ሲሉ መጠጡን ይጨምራሉ። ከአራት ሰው በታች ሁናችሁ ሁለተኛ አትዘዙ። ታላቅሽ ሲቀዳልሽ ብርጭቆሽን በሁለት እጅ ያዢ፣ ስትጠጪ ፊትሽን ወደ ጎን መልሺ፤ ይህን እንኳ ከቤትሽ ታውቂዋለሽ። ጠርሙስ ገዝተሽ ዶርም ከወሰድሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ ገና እየፈላ ያለ ነውና ሻንጣ ውስጥ ካጋደምሽው ልብስሽን ያበላሸዋል።

ለአንቺ የሚሻልሽ ሞጁ ነው። ማክጎሊውን ከቀረፋ፣ ከዝንጅብልና ከደረቀ ቴምር መሳይ ፍሬ ጋር ሲቀቅሉት አልኮሉ ተኖ 1 ወይም 2 በመቶ ይቀረዋል። ጉክባፕ ቤቶቹ በኩባያ ይሸጡታል፤ በብርዱ ትኩሱን ጠይቂ። ጾምም አያስፈታም።

ሃኖክ መንደር፣ የጥንት ቤቶቹ ሰፈር፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለው የእንጨት ዘንግ ምግብ የቱሪስት ነው፤ እለፊው። መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1410 የተሠራውን ግዮንጊጆን፣ የጥንቱን ንጉሥ መታሰቢያ፣ ግን ግቢና እይ። ለገና ኬክ ካማረሽ ፑንግንዮን ዳቦ ቤት ቾኮፓይ አለ። ቅቤና እንቁላል ስላለው ጾሙ ሲፈታ ብቻ።

ያ ዳቦ ቤት የተከፈተው በፈረንጆቹ 1951 ነው ይላሉ። አያትሽ ለኮሪያ ጦርነት ከቃኘው ሻለቃ ጋር ቡሳን የደረሱትም በዚያው ዓመት ነው። ይህን እዚያ ቆሜ ሳነብ ነው የደነገጥሁት። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ስለ ጦሩ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ስለ ብርዱ ጠይቄያቸዋለሁ፤ "እዚያ ምን በላችሁ? ጾሙንስ እንዴት አደረጋችሁ?" ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። ኪምቺ ቀምሰው ይሆን? ሰው ቤት ገብተው ይሆን? አሁን ማንን ልጠይቅ። እናታቸው የሰጠቻቸውን ዳዊት አልጋ ሥር ካለው ሣጥን አግኝቼ ገጾቹን ብገልጥም ምንም አልጻፉበትም።

ሰሚስተሩ ሲያልቅ ቹንቾን ከተማ ሂጂልኝ። ከጆንጁ ኬቲኤክስ የሚሉትን ፈጣን ባቡር ይዘሽ ሴኡል ዮንግሳን ጣቢያ ውረጂ፤ እዚያው ጣቢያ ወደ ቹንቾን የሚሄደውን አይቲኤክስ ባቡር ያዢ። ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር የቃኘው መታሰቢያ ቆሟል፤ አጠገቡ ከፈረንጆቹ 1968 ጀምሮ ያለ "ኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት አለ። ቡናውን ጠጪ። ዳክጋልቢ የሚሉትን የዶሮ ጥብስ ለሁለት ሰው ስለሚያቀርቡ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ስትበዪ ደግሞ፣ እንደገና እላለሁ፣ ሳትጠይቂ አትብዪ።

እሑድ በአንቺ ከሰዓት ዘጠኝ ሲሆን በእኛ ጠዋት ሦስት ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰን እንጠብቅሻለን። እናትሽ የላከችልሽን ሽሮ አልከፈትሽውም አሉ። ክፈቺው፤ እርጥበት ከገባው ይሻግታል። ካፖርትሽንም ልበሺ።

አባትሽ