ለማሙሽ አንደኛ ዓመት አንድ ድፎ ይበቃል

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ማሙሽስ? ባለቤትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴ ብርዱ ጀምሯል። ጠዋት ጋቢ ሳልደርብ ደጅ አልወጣም።

ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለማሙሽ ልደት ያሰብሽውን አዳራሹን፣ ዲኮሩን፣ ቪዲዮውን፣ ሰማንያውን ሰው ስትዘረዝሪልኝ ልመልስልሽ ሞክሬ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል እማዬ?» ስትይኝ ግን ዝም አልኩ። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችው ፎቶሽ ትዝ ትልሻለች አይደል? ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ዓይንሽ አብጦ። ልጅ ሆነሽ «ለምንድን ነው የማለቅሰው?» ስትይኝ «ጥርስ እያወጣሽ ነበር» እልሽ ነበር። ጥርስ አልነበረም። አንደኛ ዓመትሽ ነበር። ከመሥሪያ ቤት፣ ከዕድር፣ ከአባትሽ ዘመድ አርባ ሰው ጠርቼ ነበር። ሆጤ ሰፈር የነበረችው ቤታችን ደግሞ ሁለት ክፍል ናት። ቴፑ ይጮሃል። አንቺ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ትዞሪያለሽ። ሁሉም ጉንጭሽን ይስማል። የመተኛ ሰዓትሽ አልፏል። እኔ ጓዳ ወጥ አወጣለሁ። ድምፅሽ እስኪዘጋ አለቀስሽ። ዳቦው ሲቆረስ አንቺ አልጋ ላይ እየተንሰቀሰቅሽ ተኝተሻል። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። የእናት ልብ ነውና ያን ቀን መልሼ ባገኘው ምን ባደረግኩ እላለሁ።

ማሙሽ ላይ ግን ጊዜው አላለፈም።

ልጄ፣ የአንድ ዓመት ልጅ እንግዳ አያውቅም። የሚያውቀው ያንቺን ጠረን፣ የአባቱን ድምፅ፣ ቤቱን ነው። እኩያው እንኳ ቢመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለየራሳቸው ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ እኔ ብሆን አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰው ነው የምጠራው። እናንተ፣ እኔ፣ አማቶችሽ፣ አከራይሽ እማማ፣ ከግቢው ሁለት ሦስት ሕፃን ከነእናታቸው። ሌላው ቢቀየም በቡና ይካሳል። የእቁብ ብርሽን ለአዳራሽ አትስጪው። ብዙ ወር የጠበቅሽው ብር ነው።

ቦታው እዚያው ኮምቦልቻ፣ ቤትሽ ይሁን። ደሴ አምጪው ያልሽውን ሳስብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ሕፃን ልጅ በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ ያስመልሰዋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሽቅብ የሚወጣው ግን 600 ሜትር ያህል ነው። ከሙቀት አውጥተሽ ብርድ ውስጥ ትከቺዋለሽ ማለት ነው። እኔ እወርዳለሁ።

ልደቱ በሥራ ቀን ስለሚውል እሑድ እናድርገው። ሰዓቱን አስቤበታለሁ። ማሙሽ ከምሳ በኋላ ተኝቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ብንለው እማማ የዐስር ሶላት ሰግደው ይመጣሉ፣ ለመግሪብ ሶላት ቤታቸው ይገባሉ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። እንዲያውም ዓይኑን ማሸት ከጀመረ እንግዳ አለ ብለሽ እንዳታቆዪው። አንሥተሽ አስተኚው።

አሁን ወደ ምግቡ። ጾሙ ሕዳር 15 ስለሚገባ ልደቱ ጾም ውስጥ ነው። አንቺ በዚህ ተጨንቀሻል፤ እኔ ግን ተመስገን ነው ያልኩት። የፍስክ ቢሆን «የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ» ብለሽ ሁለት ድስት ልትጥጂ ነበር። የጾም ከሆነ እማማም፣ አማትሽም፣ የግቢው ሰው ሁሉ ካንድ ትሪ ይበላል። ወሎ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ምን አለ? የምስር ሳምቡሳ አድርጊ። ድንችና ካሮት ቀቅይ። ሙዝና ፓፓያ ከገበያ አምጪ። ኬክ ካማረሽ ትንሽ የጾም ኬክ እዘዢ፤ ለፎቶው ያህል። ዋናው ድፎ ዳቦ ነው፤ እሱን ለእኔ ተይው።

እስቲ እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ። ፈንዲሻ አይበተን። ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያለ ፈንዲሻ ደስታ የማይመስላቸው አሉ። ግን ማሙሽ ይድሃል። ከምንጣፍ ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። አንድ ቀን እናት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። የልጁ ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሹ እንደ ፉጨት ይሰማል። አንዲት ኦቾሎኒ ናት፤ የአየር ቧንቧው ውስጥ ገብታ። ልጁ ተርፏል። የእናቲቱ እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን እስካሁን ይታየኛል። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ለቡና ቁርስ ዳቦው ራሱ ይሆናል። ወይን ካመጡ ፍሬው በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጥ። ፊኛም እንደዚሁ ነው። ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ሲፈነዳ ቁራጩ ወዲያው ይለቀም።

አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ ቢይዘው ካሳለ አትንኪው፤ ያስለው። ማሳል ካቃተው በጭንሽ ላይ በሆዱ አስተኚው፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ይበል፣ በሁለቱ ትከሻ መሃል በመዳፍሽ 5 ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። የማይታይሽን ነገር ፍለጋ ጣትሽን አፉ ውስጥ አትክተቺ። ካልወጣ፣ ዓመት የሞላው ልጅ ከሆነ ከኋላው አቅፈሽ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫኚው፤ እስኪወጣ ሁለቱን እያፈራረቅሽ ቀጥዪ፣ ሳታቋርጪም ሐኪም ቤት ይወሰድ። ስመጣ ላንቺም ለባልሽም በአሻንጉሊት አሳያችኋለሁ።

ደግሞ ማር። ማሙሽ ዓመት ከሞላው በኋላ ችግር የለም። የጎረቤትሽ ጨቅላ ግን ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር እንዳይቀምስ፤ ማር ውስጥ የሚኖር ጀርም አንጀታቸው ላይ አድጎ ሰውነታቸውን የሚያዝል መርዝ ያወጣል። እናቱን ቀስ ብለሽ ንገሪያት፤ ሰው ፊት እንዳታፍር።

ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ከሰል በተዘጋ ቤት ጭሱም መርዙም ለሕፃን አይሆንም። ጀበናው ደግሞ ልጅ እጁ የሚደርስበት መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ የባልሽ እህት፣ ረከቦቱ ዘንድ ሕፃን እንዳይደርስ ብቻ ትቀመጥ። ሌላ ሥራ አትስጫት።

ስለ ጨዋታ አትጨነቂ። ለመስቀል መጥቼ የድስት ክዳንና ማማሰያ ስሰጠው ትዝ ይልሻል? አንድ ጊዜ መታ። ድምፁ ገረመውና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መላልሶ መታ፤ ምራቁ እስከ ደረቱ እየወረደ። ያን ክዳን አስቀምጪለት። ጥለት ያለውን ልብስ ለፎቶው ብቻ አልብሺው፤ አንገቱን ይኮሰኩሰዋል። ፎቶውን ገና ሰው እንደገባ አንሡ። ሻማዋን አንቺ እፍ በዪለት፤ እሱ እሳቷን ሊይዝ ነው የሚዘረጋው።

ዳቦውን እማማ ይመርቁት። ማሙሽ ያተኮሰው ለት ሌሊቱን ሙሉ አጠገብሽ የተቀመጡ እሳቸው ናቸው። ቀድመሽ ሄደሽ በአፍሽ ጠይቂያቸው፤ መልእክት አትላኪ። እሳቸው ዱአ ያድርጉ፣ አማትሽም ይመርቁ፣ እኛ አሚንም አሜንም እንበል። ያኔ ማሙሽ ጭንሽ ላይ ይሁን። ለማንም አትስጪው።

እኔ ቅዳሜ ማታ አቦካለሁ። ጥቁር አዝሙድ ገዝቻለሁ፤ ኮባውን ከጎረቤት አገኛለሁ። እሑድ ጠዋት ጋግሬ በጋቢ ጠቅልዬ እወርዳለሁ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲጨርስ እደውልልሻለሁ። ማሙሽን ታቅፈሽ በር ላይ ጠብቂኝ።

የምትወድሽ እናትሽ
ደሴ